ሥዕሎቹ ተመልሰዋል

በስድስት ኪሎ የምትማሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘውን የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ገብታችሁ አይታችሁታልን? እኔ ተማሪ ሳለሁ ሁልጊዜ በደጁ አልፍ ነበር፤ የገባሁት ግን ከተመረቅሁ በኋላ መሆኑን ሳልደብቅ እናገራለሁ፡፡

አቶ ገብረ ክርስቶስ በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ ሥዕል ተምረው ተመለሱ፡፡ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1963 ሥራዎቻቸውን ለብቻቸው በአዲስ አበባ ባሳዩ ጊዜ፣ ሥዕሉ የፈረንጅ ነው እያሉ የነቀፏቸው ጥቂቶች አልነበሩም፡፡ ዳሩ ግን በዚያው ዓመት የሣሉትን «ጎልጎታ»ን የተመለከተ ሰው፣ በቀዩ ቀለም ውስጥ ያለውን ሥቃይ ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም፡፡

«አገሬ» የሚለውን ግጥም የደረሱት እኒህ ሰው በ1981 በአሜሪካ በስደት ዐረፉ፡፡ በጀርመን የቀሩት ሥዕሎቻቸው ግን ለአገራቸው በቅተው፣ ማዕከሉ በ2008 ተከፈተ፡፡ ሥዕሎቹ ባሕር ተሻግረው ከመጡ፣ እኛ ደጁን ተሻግረን ልናያቸው ይገባናል፡፡