የሓ፦ አምላኩ የተረሳው፣ ግድግዳው የጸናው ጥንታዊ ቤተ መቅደስ

በትግራይ ክልል፣ ከዓድዋ ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በተራሮች በተከበበ ሜዳ ላይ የሓ የምትባል አነስተኛ መንደር ትገኛለች። በዙሪያዋ ካሉት የገበሬ ቤቶች ሁሉ ልቆ የሚታየው ጣሪያ የሌለው ረዥም የድንጋይ ሕንጻ ነው። ቁመቱ 14 ሜትር ያህል ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ምድር እስከ ዛሬ ቆመው ከሚገኙ ሕንጻዎች ሁሉ ጥንታዊው እንደሆነ ይነገርለታል።

የጥንት ታሪክ ተመራማሪዎች ሕንጻው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ እንደተሠራ ይገምታሉ። ይህም ማለት የአክሱም ሐውልቶች ሲቆሙ የሓ ከ900 ዓመታት በላይ ዕድሜ ነበራት፤ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ሲፈለፈሉ ደግሞ ዕድሜዋ 19 መቶ ዓመት ደርሶ ነበር።

ቤተ መቅደሱ የተሠራለትን አምላክ ዛሬ የሚያመልከው ሰው የለም። ግድግዳው ግን ቆሟል። እንዴት ሊጸና ቻለ? ማንስ ሠራው?

አልመቃህ ማን ነበር?

ቤተ መቅደሱ የተሠራው አልመቃህ ለተባለ አምላክ ነው። አልመቃህ ከቀይ ባሕር ማዶ፣ በዛሬይቱ የመን የነበረው የሳባ መንግሥት ዋና አምላክ ነበር። ለረዥም ጊዜ የጨረቃ አምላክ እንደሆነ ሲጻፍ ቆይቷል፤ ይህ ግን ዛሬ በሊቃውንት ዘንድ አከራካሪ ነው። ከእርሱ ጋር ስማቸው ከሚነሡት አማልክት መካከል አስታር አንዱ ነው።

በሰሜን ኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋማ ስፍራዎች በዚያ ዘመን ዳዓማት የተባለ መንግሥት ነበር። ነገሥታቱ በድንጋይ ላይ ባስቀረጿቸው ጽሑፎች አልመቃህን ያወሳሉ። የዚህ አምልኮ ምልክቶች ከየሓ ውጭም ተገኝተዋል። ከአክሱም ብዙም በማይርቀው መላዞ አካባቢ በ1950ዎቹ በተደረገ ቁፋሮ የአልመቃህ መቅደስ ተገኝቷል። በዚያው አካባቢ ከምትገኘው ሐውልቲ የወጣውና ዳርና ዳሩ በዋልያ መሰል እንስሳት የተቀረጸው የድንጋይ መንበር ዛሬ በአዲስ አበባ በብሔራዊ ሙዚየም ይታያል።

ይህ ረዥም ቀንድ ያለው እንስሳ የአልመቃህ ቅዱስ እንስሳ ነበር። ስለዚህም ምስሉ በየሓም ሆነ ባሕር ማዶ ባሉት የሳባ መቅደሶች ተደጋግሞ ይታያል።

ያለ ጭቃና ያለ ኖራ የቆመ ግድግዳ

ቤተ መቅደሱ 18 ሜትር ከግማሽ ያህል ርዝመትና 15 ሜትር ያህል ስፋት አለው። ግድግዳው በጥንቃቄ ከተጠረቡ፣ አንዳንዶቹ እስከ 3 ሜትር ከሚረዝሙ ድንጋዮች የተሠራ ነው። ድንጋዮቹን የሚያያይዛቸው ጭቃም ኖራም የለም። ጠራቢዎቹ የእያንዳንዱን ድንጋይ ጠርዝ አስተካክለው በማለስለሳቸው፣ አንዱ በሌላው ላይ በክብደቱ ብቻ ጸንቶ ተቀምጧል። በመገጣጠሚያቸው መካከል ስለት ለማስገባት እንኳ ያስቸግራል።

በግንባሩ በኩል በስድስት ዓምዶች ላይ የቆመ ደጀ ሰላም ነበረው። የውስጡ አዳራሽ ደግሞ በአራት ረድፍ በቆሙ ዓምዶች አምስት ቦታ ተከፍሎ ነበር። መግቢያው በምዕራብ ሲሆን፣ በምሥራቁ ጫፍ እጅግ የተቀደሱት ሦስት ክፍሎች ይገኙ ነበር። ወደ ሕንጻው የሚገባ ሰው ከብርሃኑ ደጃፍ ተነሥቶ ወደ ጠባቡና ወደተከለለው ስፍራ ይጓዛል ማለት ነው።

ይህ ሥርዓት በብዙ ጥንታውያን ሃይማኖቶች የታወቀ ነው። በሕንድ የሂንዱ ቤተ መቅደሶች ምእመናን በዓምዶች በተሞላው አዳራሽ አልፈው የአምላኩ ምስል ወዳለበት ጠባብና ጨለም ያለ የውስጥ ክፍል ይቀርባሉ፤ በብዙዎቹም ወደዚያ የሚዘልቁት ካህናቱ ብቻ ናቸው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሕንጻም ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብሎ ከደጅ ወደ ውስጥ በቅድስና ደረጃ ይከፈላል።

ከአልመቃህ አምልኮ የተረፉት ዕቃዎች ስለ ሥርዓቱ ፍንጭ ይሰጣሉ። ዕጣን የሚታጠንባቸው የድንጋይ መሠዊያዎች ተገኝተዋል፤ በብዙዎቹም ላይ ጨረቃና በላዩ ክብ ምስል ተቀርጿል። ለአምላኩ የሚቀርበው ፈሳሽ የሚፈስስባቸው፣ መውረጃ ቦይ ያላቸው መሠዊያዎችም ነበሩ። የጨረቃውና የክቡ ምልክት ከዚህ በኋላ ለብዙ ዘመን ቆይቶ በአክሱም ነገሥታት ሳንቲሞች ላይ ታይቷል። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ሲቀበል ግን በሳንቲሙ ላይ የነበረው ይህ ምልክት ተነሥቶ መስቀል ተተካ።

ንግሥቲቱ በሁለቱም ዳርቻ

ስለ የሓ የሚነገረው አፈ ታሪክ ከንግሥተ ሳባ ይጀምራል። ብዙዎች ሕንጻው የንግሥት ማክዳ ቤተ መንግሥት ነበር ይላሉ። ንግሥቲቱ የጎበኘችው ንጉሥ ሰሎሞን የኖረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ10ኛው ክፍለ ዘመን እንደሆነ ስለሚታመን፣ በትውፊቱና በሕንጻው ዕድሜ መካከል ወደ 300 ዓመት የሚጠጋ ልዩነት አለ።

አስገራሚው ነገር ይኸው ትውፊት በባሕሩ ማዶም መኖሩ ነው። በየመን ማሪብ የሚገኘው ታላቁ የአልመቃህ መቅደስ በአካባቢው ሕዝብ ዘንድ የሚጠራው በቢልቂስ ስም ነው። ቢልቂስ ማለት ዐረቦች ንግሥተ ሳባን የሚጠሩበት ስም ነው። የአምላኩ ስም በሁለቱም አገር ከተረሳ በኋላ፣ ሕዝቡ በሁለቱም ዳርቻ ታላላቆቹን ሕንጻዎች ለአንዲት ንግሥት ሰጠ።

ሁለተኛው ትውፊት የዘጠኙ ቅዱሳን ነው። በ5ኛው መጨረሻና በ6ኛው ክፍለ ዘመን ከሮም ግዛት ወደ አክሱም እንደመጡ ከሚነገርላቸው ከእነዚህ መነኮሳት አንዱ አባ አፍጼ ናቸው። አባ አረጋዊ በደብረ ዳሞ፣ አባ ገሪማ በመደራ፣ አባ ይምዓታ በገርዓልታ ገዳም እንደመሠረቱ ሁሉ፣ አባ አፍጼ የሓን መርጠው የአልመቃህን ቤት ቤተ ክርስቲያን እንዳደረጉት ይነገራል። በጥንታዊው ሕንጻ ውስጥ የተረፈው የክርስቲያኖች ማጥመቂያ ስፍራ ለዚህ ለውጥ ምስክር ነው።

አንዱ ፈረሰ፣ አንዱ ጸና

በየሓ ከቤተ መቅደሱ ጥቂት ራቅ ብሎ ግራት በዓል ግብሪ የሚባል ሌላ ፍርስራሽ አለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ እንደተሠራ የሚገመት ታላቅ ቤተ መንግሥት ነበር። ዛሬ ከእርሱ ጎልተው የሚታዩት የመግቢያው ግዙፍ ዓምዶች ናቸው።

ሁለቱም ሕንጻዎች የእሳት ቃጠሎ ደርሶባቸዋል። የአንዱን መውደቅና የሌላውን መጽናት በከፊል የሚያስረዳው አሠራራቸው ነው። የቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ድንጋይና እንጨት እየተፈራረቁ የተሠራ በመሆኑ፣ እንጨቱ ሲነድድ ድንጋዩም አብሮ ተናደ። የቤተ መቅደሱ ግድግዳ ግን በድንጋይ ብቻ የተገነባ ስለነበር ጣሪያውና ወለሉ ሲቃጠሉ ግንቡ ቀረ።

አሠራሩ ብቻውን ግን 27 ክፍለ ዘመናትን አያሻግርም። ባለቤት የሌለው ጥርብ ድንጋይ በየትም አገር ለአዲስ ቤት መሥሪያ ይፈለጋል። ቤተ መቅደሱ እንደገና የጸሎት ቤት በሆነ ጊዜ ድንጋዩን የሚጠብቅለት ማኅበረሰብ አገኘ። በሮም ለአማልክት የተሠራው ፓንቴዎን በ609 ቤተ ክርስቲያን ባይሆን ኖሮ እንደ ሌሎቹ የሮም መቅደሶች ይፈርስ ነበር የሚሉ ብዙ ናቸው። በአቴና የሚገኘው ፓርቴኖንም በመጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን፣ በኋላም መስጊድ ሆኖ ሲያገለግል ኖሯል።

የዛሬው የእንዳ አባ አፍጼ ቤተ ክርስቲያን ከጥንታዊው ሕንጻ አጠገብ፣ በዚያው ቅጽር ውስጥ ይገኛል። የተሠራው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የጥንት ጽሑፍ ያለባቸው ድንጋዮችና ሌሎች ቅርሶች በገዳሙ ዕቃ ቤት ተጠብቀው ይኖራሉ።

“መጤ” ወይስ “የአገር”?

በ1520 ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ከመጡት የፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ሕንጻውን አይቶ እንደ ታላቅ ግንብ ገልጾታል። በ1906 የጀርመን የአክሱም ጉዞ ቡድን በኤኖ ሊትማን መሪነት መጥቶ ለካው፤ ነደፈውም። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ አንፍሬ ቁፋሮ አካሄደ። ከ2009 ወዲህ ደግሞ የጀርመን አርኪዮሎጂ ተቋም ከኢትዮጵያ የቅርስ ባለሥልጣናት ጋር በመሆን ሲያጠናውና ሲጠግነው ቆይቷል።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ክርክሩ በአንድ ጥያቄ ላይ ነበር። የቀድሞዎቹ ጸሐፊዎች ሳባውያን ባሕር ተሻግረው በመምጣት ሥልጣኔን ለአገሬው ሰው አስተማሩ ይሉ ነበር። ከእነርሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ግን በስፍራው ቀድሞ የነበረውን ማኅበረሰብ ድርሻ አጉልተው አሳዩ።

በ2007 መጨረሻ ከውቅሮ ከተማ አቅራቢያ መቃብር ጋዕዋ በተባለ ስፍራ የተገኘው የአልመቃህ መሠዊያ ለዚህ ክርክር አዲስ ማስረጃ አመጣ። በላዩ የተቀረጸው ጽሑፍ መሠዊያውን ያሠራው ንጉሥ ዋዕራን እንደሆነና ይህንንም ያደረገው በየሓ በሚገኘው የአልመቃህ ቤተ መቅደስ ላይ በተሾመ ጊዜ እንደሆነ ይናገራል። በዚህም “የሓ” የሚለው ስም በዚያ ዘመን ጽሑፍ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነበበ። የመንደሯ ስም 27 ክፍለ ዘመናት ሲያልፉ አልተለወጠም ማለት ነው።

ጽሑፉ ሌላም ነገር ይዟል። ዋዕራን ከአባቱ ስም ጋር የእናቱንም ስም አስቀርጿል። ሴትን ከንጉሡ ጎን የመጥራት ልማድ በዚህኛው የባሕር ዳርቻ ነገሥታት ጽሑፍ የሚታይ ሲሆን፣ በየመን የሳባ ነገሥታት ጽሑፎች የተለመደ አይደለም። ፊደሉ የሳባ ነው፤ አምላኩም የሳባ ነው፤ ራሱን የሚገልጽበት መንገድ ግን የአገሩ ነው።

የሕንጻውም ነገር እንዲሁ ነው። ንድፉ በየመን ከሚገኙት የሳባ መቅደሶች ጋር ይቀራረባል፤ በቁፋሮ ከሚወጣው የሸክላ ዕቃ አብዛኛው ግን የአካባቢው ሥራ ነው። በየሓ የተጋጠሙት ሁለት ሕዝቦች ናቸው፤ ከግጥምጥሙ የወጣውም ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ ነገር ነው።

የዚህ ማስረጃ በእያንዳንዱ የአማርኛና የትግርኛ አንባቢ እጅ አለ። የግዕዝ ፊደል የተገኘው ከዚያ የደቡብ ዐረቢያ ጽሕፈት ነው፤ “ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ” የሚለው ቅደም ተከተልም በጥንቱ ጽሕፈት የነበረ ነው። ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፍ የነበረውን ከግራ ወደ ቀኝ መልሶ፣ አናባቢ ያልነበረውን ሰባት መልክ የሰጠው ግን የኢትዮጵያ ሊቅ ነው።

በጦርነት መካከል ያለ ቅርስ

የባሕሩ ሁለት ዳርቻዎች በቅርብ ዓመታት የተጋሩት ዕጣ ደግሞ አሳዛኝ ነው። በማሪብና በሲርዋሕ የሚገኙት የሳባ መንግሥት ቅርሶች በየመን ጦርነት መካከል ወደቁ። በጥር 2023 የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባቸው በዚያው ዕለት አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብም አስገብቷቸዋል።

በትግራይ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የጀመረው ጦርነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ በተፈረመው ስምምነት እስኪቆም ድረስ ክልሉ ለጎብኚም ለተመራማሪም ተዘግቶ ነበር። ለየሓ ይህ ቀላል ጉዳይ አልነበረም። ያለ ማያያዣ በክብደቱ የቆመ ግድግዳ የሚኖረው በየጊዜው በሚደረግለት ክትትል ነው፤ ከጦርነቱ በፊትም አንዱን ወገኑን ለመደገፍ የብረት መዋቅር አስፈልጎት ነበር።

ባለሙያዎቹ በራቁበት ጊዜ ከቅርሱ ጋር የቀሩት የመንደሯ ነዋሪዎችና የገዳሙ ካህናት ናቸው። ይህም ለየሓ አዲስ አይደለም። በቤተ ክርስቲያኑ የግንባር ግድግዳ ላይ ረዥም ቀንድ ያላቸው እንስሳት በረድፍ የተቀረጹባቸው ጥንታውያን ድንጋዮች ተሰክተው ይታያሉ። በአንድ ወቅት የአልመቃህን ቤት ያስጌጡ የነበሩ ናቸው። ግንበኞቹ የሌላ እምነት ናቸው ብለው አልጣሏቸውም፤ ምእመናን ሲገቡና ሲወጡ በሚያዩአቸው ስፍራ አኖሯቸው።