ከውሃ የሚገኘው ሃይድሮጅንና የገበሬው ማዳበሪያ

የክረምቱ ዝናብ ከመግባቱ በፊት በየቀበሌው ለገበሬ ማኅበራት መሪዎች የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። ይኸውም ማዳበሪያው መቼ ይደርሳል፣ ዋጋውስ ስንት ገባ የሚል ነው። ጤፍ፣ ስንዴና በቆሎ አምራቹ ገበሬ የሚጠቀምበት ዩሪያ በመርከብ ተጭኖ በጅቡቲ ወደብ በኩል የሚገባ በመሆኑ፣ በሩቅ አገር የሚነሣ ጦርነትም ሆነ የነዳጅ ዋጋ መናር ጉዳቱ እስከ ገበሬው ማሳ ድረስ ይዘልቃል። እ.ኤ.አ. በ2022 በዩክሬን ጦርነት ምክንያት የማዳበሪያ ዋጋ ማሻቀቡ የሚዘነጋ አይደለም።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሃይድሮጅን ስለሚባል ንጹሕ ኃይል በሰፊው ይነገራል። ከውሃና ከኤሌክትሪክ ስለሚመረት፣ ወንዝ ያላት አገር ሁሉ ከዚህ ሀብት ልትጠቀም ትችላለች ይባላል። ነገሩ ገበሬውን የሚመለከተው በመኪና ወይም በአውሮፕላን ሳይሆን በማዳበሪያው በኩል ስለሆነ፣ ተስፋውንም ችግሩንም ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል።

ሃይድሮጅን ምንድን ነው?

ሃይድሮጅን ከጋዞች ሁሉ የቀለለ፣ ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ነው። ሲነድ ውሃ እንጂ ጭስ አይወጣውም። አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን ከአንድ ኪሎ ቤንዚን ሦስት እጥፍ ያህል ሙቀት ይሰጣል። ይሁን እንጂ እንደ ድንጋይ ከሰል ተቆፍሮ የሚገኘው እምብዛም ነው። አብዛኛው ከሌላ ነገር ጋር ተዋሕዶ ስለሚገኝ፣ ለመለያየት ሌላ ኃይል ማውጣት ግድ ይሆናል። ስለዚህ የሃይድሮጅን ንጽሕና የሚለካው በሚነድበት ጊዜ ብቻ ሳይሆን በተሠራበት መንገድ ጭምር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም የተመረተው ሃይድሮጅን 97 ሚሊዮን ቶን ያህል ነበር። አብዛኛው የተገኘው ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል ሲሆን፣ በዚህ ዘዴ ሲመረት ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው ጋዝ በብዛት ወደ አየር ይወጣል። በንጹሕ ዘዴ የተመረተው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አልሞላም።

ማዳበሪያና ሃይድሮጅን የሚገናኙት በአሞኒያ አማካይነት ነው። ከአየር የተወሰደ ናይትሮጅን ከሃይድሮጅን ጋር በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ሲዋሐድ አሞኒያ ይሆናል። ዩሪያ የሚሠራው ከዚሁ ነው። ዘዴውን ጀርመናውያኑ ፍሪትዝ ሃበርና ካርል ቦሽ ያዳበሩት ሲሆን፣ የመጀመሪያው ትልቅ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1913 ኦፓው በተባለ ስፍራ ሥራ ጀመረ።

አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን ይይዛል። ለዚህም 10 ኪሎ ያህል ሃይድሮጅን ያስፈልጋል። ይህንን ከውሃ ለማግኘት ቢያንስ 90 ሊትር ውሃ፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር አራት ጀሪካን ተኩል ይበቃል። ውሃው ቀላል ነው፤ ከባዱ ኤሌክትሪኩ ነው። 10 ኪሎ ሃይድሮጅን ለማውጣት 500 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይጠይቃል። ይህ ኃይል ባለ 10 ዋት አምፖልን በየማታው አምስት ሰዓት እያበራ ከ27 ዓመት በላይ ያቆያል።

የሌሎች አገሮች ተሞክሮ

ከወንዝ ኃይል ማዳበሪያ ማምረት አዲስ ነገር አይደለም። ኖርዌይ ውስጥ ሩካን በተባለች የተራራ ከተማ አጠገብ በፏፏቴ ኃይል ሃይድሮጅን የሚያወጣ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1929 ሥራ ጀምሯል። በግብፅም አስዋን ላይ የዓባይን ውሃ ኃይል የሚጠቀም የማዳበሪያ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1960 ምርት ጀመረ። በዚምባብዌ ክዌክዌ ከተማ ያለው ፋብሪካም ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሃይድሮጅኑን ከውሃ ሲያወጣ ቆይቷል።

ሆኖም የአስዋኑ ፋብሪካ በኋላ ወደ ተፈጥሮ ጋዝ ተዛውሯል። የክዌክዌው ደግሞ የኤሌክትሪኩ ወጪና እጥረት ስለከበደው ውሃ የሚሰነጥቀውን ክፍል እ.ኤ.አ. በ2015 ዘግቶ አሞኒያን ከውጭ ማስመጣት ያዘ። ከሁለቱ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ ርካሽና የማይቋረጥ ኤሌክትሪክ ከሌለ ሥራው አይዘልቅም።

በአገራችንስ?

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በዓመት ከ15 ሺህ ጊጋ ዋት ሰዓት በላይ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የታቀደ ነው። በሌላ በኩል በሶማሌ ክልል ጎዴ ላይ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመትከል በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ስምምነት ተፈርሟል። ይህ ፋብሪካ የሚጠቀመው ከአካባቢው የሚወጣውን የተፈጥሮ ጋዝ ነው።

ይህንኑ 3 ሚሊዮን ቶን ከውሃ በሚወጣ ሃይድሮጅን እናምርት ቢባል ምን ያህል ኤሌክትሪክ ይጠይቃል? በኩንታል 500 ኪሎ ዋት ሰዓት ሲታሰብ ሃይድሮጅኑ ብቻ 15 ሺህ ጊጋ ዋት ሰዓት ይወስዳል። ይህም ማለት ከግድቡ የዓመት ምርት የሚተርፈው ጥቂት ነው። መብራት የሚጠብቁ የገጠር ቀበሌዎች፣ የውሃ መሳቢያ ሞተሮችና ወፍጮዎች ባሉበት አገር ይህ በቀላሉ የሚወሰን ጉዳይ አይደለም።

ሌላም ችግር አለ። ዩሪያ ለመሥራት ከአሞኒያ ሌላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስፈልጋል። በተፈጥሮ ጋዝ የሚሠራ ፋብሪካ ይህን እግረ መንገዱን ያገኘዋል። በውሃ የሚሠራው ግን ከሌላ ስፍራ ማምጣት አለበት፤ አለዚያም የክዌክዌው ፋብሪካ እንደሚያደርገው ሌላ ዓይነት የናይትሮጅን ማዳበሪያ ማምረት ይኖርበታል።

ሃይድሮጅን ለማጓጓዝም ያስቸግራል። አንድ ኪሎው በተለመደው የአየር ግፊት ባለ 200 ሊትር 55 በርሜሎችን ይሞላል። በጠንካራ ጋን ካልታመቀ ወይም ዜሮ ዲግሪ ሳይደርስ 253 ዲግሪ ዝቅ እስኪል ካልቀዘቀዘ አይጫንም። በቀላሉም ይቀጣጠላል። እ.ኤ.አ. በ1937 ሂንደንበርግ የተባለው በሃይድሮጅን የተሞላ የጀርመን የአየር መርከብ አሜሪካ ውስጥ ተቃጥሎ 36 ሰዎች ሞተዋል። ስለዚህ ለእናቶች ምድጃ ማገዶን የሚተካው ሃይድሮጅን ሳይሆን ቆጣቢ ምድጃ፣ ከከብት እበት የሚገኝ ባዮጋዝና ኤሌክትሪክ ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል ተስፋው ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በክረምት ግድቦች ሲሞሉ ወይም ፀሐይና ነፋስ ሲበረቱ የሚተርፈውን ኤሌክትሪክ ወደ አሞኒያ መለወጥ ቢቻል፣ ከፊሉ ማዳበሪያ ከወደብ ጥገኝነት ሊላቀቅ ይችላል። ውሃ የሚሰነጥቁት መሣሪያዎች ውድ በመሆናቸው በዓመት ለጥቂት ወራት ብቻ ሠርተው ወጪያቸውን መመለሳቸው ግን ገና የሚፈተን ጉዳይ ነው።

እንግዲህ ስለዚህ ጉዳይ የምሥራች ይዞ ለሚመጣ ሁሉ የማኅበር መሪዎች ሦስት ጥያቄ ሊያቀርቡ ይገባል። ኤሌክትሪኩ ከየት ይመጣል? አንዱ ኩንታል ከወደብ ከሚመጣው ረክሶ ነው ወይስ ተወድዶ ገበሬው ዘንድ የሚደርሰው? ለቀበሌው መብራትስ ምን ይተርፋል? መልስ ካልተገኘ ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ» እንዳይሆን ያሰጋል።

እስከዚያው በእጅ ያለውን ሥራ ማጠናከር የሚጠበቀው ከማኅበራቱ ነው። ዩሪያ ከየትም ይምጣ ከየት፣ በአንድ ጊዜ ከተበተነ ዝናብ ጠርጎት ይሄዳል፤ ሳይመጠን በየዓመቱ ሲጨመርም መሬቱን አሲዳማ ያደርጋል። ከፋፍሎ በወቅቱ መጨመር፣ ኮምፖስት ማዘጋጀት፣ ባቄላና አተርን ከእህል ጋር ማፈራረቅ፣ አሲድ ያጠቃውን ማሳ በኖራ ማከም ፋብሪካ የማይጠብቁ ሥራዎች ናቸው። በእነዚህ የተዳነ አንድ ኩንታል ዩሪያ የ500 ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ቁጠባ መሆኑን መሪዎች ለአባሎቻቸው ሊያስረዱ ይገባል።