በስዊድን የወንድ፣ በአርሲ የሁሉም

አዴኖካርሲኖማ የተባለው የምግብ ቧንቧ ካንሰር በአሜሪካና በምዕራብ አውሮፓ አንዲት ሴት ሲይዝ፣ ከስድስት እስከ ዘጠኝ የሚደርሱ ወንዶችን ይይዛል። ሴትም ወንድም ያው አንድ ዓይነት የምግብ ቧንቧ ይዘው ተወልደው፣ በሽታው እንዲህ ለአንዱ ወገን ማድላቱ ሐኪሞችን ለዓመታት ሲያነጋግር ቆይቷል።

የምግብ ቧንቧ ከጉሮሮ እስከ ጨጓራ የሚወርድ፣ በአዋቂ ሰው 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም የጡንቻ ቱቦ ነው። በውስጡ የሚነሳው ካንሰር ሁለት ዋና ዓይነት አለው። አንደኛው፣ ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ የሚባለው፣ ከቧንቧው የውስጥ ሽፋን ይጀምራል፤ በዓለም በብዛት የሚታየውም፣ የኢትዮጵያውም እሱ ነው። ሁለተኛው አዴኖካርሲኖማ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ከጨጓራው አጠገብ፣ በቧንቧው ታችኛው ክፍል ይበቅላል። እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም 511 ሺህ ያህል ሰዎች የምግብ ቧንቧ ካንሰር እንዳለባቸው የታወቀ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት 445 ሺህ ያህል ሰዎች በበሽታው ሞተዋል። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ይህን ያህል መቀራረባቸው በሽታው ምን ያህል ዘግይቶ እንደሚገኝ ያሳያል።

የአዴኖካርሲኖማ መንገድ አብዛኛውን ጊዜ ከቃር ይነሳል። የጨጓራ አሲድ ለዓመታት ወደ ላይ እየተመለሰ ቧንቧውን ሲያቆስለው፣ ሽፋኑ ተለውጦ የአንጀትን ሽፋን ወደ መምሰል ይሄዳል። ለውጡ የሚጠራው እ.ኤ.አ. በ1950 ስለዚሁ በጻፈው የለንደን ቀዶ ሐኪም በኖርማን ባሬት ስም ነው። እንቆቅልሹም እዚህ ላይ ይጀምራል። ቃር ሴቶችንም ወንዶችንም በተቀራራቢ መጠን ያሠቃያል። የባሬት ለውጥ ግን በወንዶች ላይ በእጥፍ ገደማ ይበዛል፤ ካንሰሩ ላይ ሲደረስ ደግሞ ልዩነቱ ከዚያም በላይ ይሰፋል። ሲጋራና ቦርጭ የልዩነቱን ከፊል ብቻ ነው የሚያስረዱት።

የጾታ ሆርሞኖች የተጠረጠሩት በዚህ ምክንያት ነው። የስዊድኑ ካሮሊንስካ ተቋም ተመራማሪዎች ጉዳዩን በስፋት ካጠኑት መካከል ናቸው። ግምቱ፣ በሴቶች ሰውነት ውስጥ የሚበዛው ኤስትሮጅን ቧንቧውን ከአሲድ ጉዳት ሳይከላከል አይቀርም የሚል ነው። ዕድሜ ይህን የሚደግፍ ፍንጭ ይሰጣል፤ በወንዶችና በሴቶች መካከል ያለው ልዩነት በ50ዎቹ መጀመሪያ ጫፍ ይደርስና፣ ሴቶች ካረጡ በኋላ ባሉት ዓመታት እየጠበበ ይሄዳል። የጃፓን ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ ባደረጉት ሙከራም አሲድ ወንዶቹን አይጦች ከሴቶቹ የበለጠ አቁስሏል። የሴቶቹ ኦቫሪ በቀዶ ሲወጣ ቁስላቸው ባሰ፤ ለወንዶቹ ኤስትሮጅን ሲሰጥ ደግሞ ቁስላቸው ቀነሰ።

በሰዎች ላይ የተሰበሰበውም መረጃ ወደዚያው ያዘነብላል። ካረጡ በኋላ በሐኪም ትእዛዝ ሆርሞን የወሰዱ ሴቶች በአዴኖካርሲኖማ የመያዝ ዕድላቸው ካልወሰዱት በሩብ ያህል ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ጡት ያጠቡ እናቶችም ካላጠቡት ያነሰ ስጋት ታይቶባቸዋል። ይህን አንብቦ ሆርሞን መውሰድ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ እነዚሁ መድኃኒቶች ከጡት ካንሰርና ከደም መርጋት ጋር የተያያዘ የራሳቸው አደጋ አላቸው።

መላ ምቱን የሚፈታተን ማስረጃም አለ። ለፕሮስቴት ካንሰር ሕክምና ኤስትሮጅን የተሰጣቸው የስዊድን ወንዶች ተጠንተው፣ በምግብ ቧንቧ አዴኖካርሲኖማ የመያዝ ዕድላቸው በግልጽ ሲቀንስ አልታየም። በደም ውስጥ ያለውን ቴስቶስተሮን የለኩ ጥናቶችም እርስ በርስ አልተስማሙም። ስለዚህ አሁን ባለው ማስረጃ ኤስትሮጅን በጉዳዩ እጁ አለበት ማለት ይቻላል፤ ብቸኛው ምክንያት ነው ማለት ግን አይቻልም።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ዋናው ቁም ነገር ደግሞ ሌላ ቦታ ነው ያለው። የምግብ ቧንቧ ካንሰር ከኢትዮጵያ እስከ ደቡብ አፍሪካ በሚዘረጋው የምሥራቅ አፍሪካ ቀጠና በጣም ይበዛል፤ በአገራችንም አርሲና ባሌ በዚህ በሽታ የታወቁ አካባቢዎች ናቸው። በነዚህ አካባቢዎች በሽታው ሴቶችንም ከወንዶች ባልተናነሰ ይይዛል። በቻይናዋ ሊንሺያንና በኢራኗ ጎለስታን፣ ይኸው ስኳመስ የተባለው ዓይነት በተስፋፋባቸው ቦታዎች፣ የሁለቱ ጾታዎች ቁጥር እንዲሁ ተቀራራቢ ነው። ከአካባቢና ከአኗኗር የሚመጣው ጉዳት ሲበረታ፣ የሴት ሆርሞን ጥበቃ ቢኖር እንኳ የሚያድን አይመስልም።

ጉዳቱ ከምን እንደሚመጣ ጥናቱ አላበቃም፤ የሚጠረጠሩት ነገሮች ግን በየቤቱ ያሉ ናቸው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሞቀ መጠጥ ካንሰር ሳያመጣ እንደማይቀር ፈርጆታል። ከምድጃ እንደወጣ የሚበላ ገንፎና ሳይበርድ የሚጠጣ ሻይ ከዚህ ተለይተው አይታዩም። ትምባሆ፣ መጠጥ፣ ጫትና የማገዶ ጭስም ይጠቀሳሉ። ጭሱን በየቀኑ የሚምጉት ደግሞ በአብዛኛው እናቶችና ልጃገረዶች ናቸው።

ይህ በሽታ የወንድ ነው የሚለው ወሬ እዚህ አገር ቢሰማ ጉዳቱ የከፋ ይሆናል። እህል ሲዋጥ ደረት ላይ ቆም የሚልበት፣ መጀመሪያ እንጀራው፣ ቀጥሎ ገንፎው፣ በመጨረሻም ውኃው አልወርድ የሚለው ሰው ሴትም ሆነ ወንድ፣ ወጣትም ሆነ ሽማግሌ፣ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ያለ ምክንያት መክሳትና ሳይሻል የሚቆይ የድምፅ መጎርነንም ምልክቶች ናቸው። በኢንዶስኮፒ ቧንቧውን አይቶና ናሙና ወስዶ መመርመር ይቻላል። አባት፣ እናት፣ እህት ወይም ጎረቤት መዋጥ ካስቸገራቸው፣ በቤት መድኃኒት ወራት ሳያልፍ ወደ ሆስፒታል ውሰዷቸው።