በጥቂት ገንዘብ የፎቶግራፍን ሥራ ስለ መጀመር

ጎርደን ፓርክስ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1912 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በካንሳስ፣ ከድኻ ጥቁር ገበሬ ተወለደ። በምድር ባቡር አሳላፊ ሆኖ ሲሠራ፣ መንገደኛ ትቶት በሄደ መጽሔት ከቀያቸው ተነቅለው የሚንከራተቱ ገበሬዎችን ፎቶግራፍ አየ። ሐሳቡም ወደዚሁ ሥራ አዘነበለና፣ ዕቃ በመያዣ ተቀብሎ ከሚያበድር ሱቅ ያገለገለ የፎቶግራፍ መኪና ገዛ። በቺካጎ የሚኖሩትን ድኾች ኑሮ እያነሣ ሠለጠነ። በ1948 ዓ.ም. ላይፍ የተባለው መጽሔት ቀጠረው። በ1961 ዓ.ም. በሪዮ ዴ ጃኔሮ ያነሣው የአንድ በሽተኛ ልጅ ፎቶግራፍ በታተመ ጊዜ፣ አንባቢዎች ገንዘብ አዋጥተው ልጁን አሳከሙት። ስለዚህ ይህን ሥራ የሚመኝ ወጣት የመንገድ ገንዘብ እስኪያገኝ ከሚጠብቅ ይልቅ፣ የመንደሩን ሰው አስፈቅዶ ቢያነሣ፣ ስሙንና ቀኑንም አስተካክሎ ቢጽፍ ይሻለዋል።