አመለኛ ወጣት ፈረስ እንዴት እንደሚገራ

በኢትዮጵያ ታሪክ ፈረስ ያለው ክብር ከማንም የተሰወረ አይደለም። ነገሥታቱና መኳንንቱ በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኰንን አባ ቃኘው ተብለዋል። በአገው ምድርም ፈረሶች በዐድዋ ዘመቻና በኋላም በጣልያን ወረራ ጊዜ የሰጡትን አገልግሎት ለማሰብ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል። ነገር ግን ምስጋናው ሁሉ የሚነገረው ለተገራው ፈረስ ነው። ያው ፈረስ ገና ወጣት ሳለ ሲነክስ፣ ሲራገጥና ሲደነብር ጌታው ምን ማድረግ እንደሚገባው የሚያስረዳ ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንን ጉድለት በመጠኑ ማሟላት ነው።

የጅቡቲ ከተማ የወደብና የባቡር ከተማ ስለ ሆነች በመንገዷ ላይ ፈረስ እምብዛም አይታይም፤ በእንስሳ ጀርባ ሸክም ሲመላለስ ቢታይ አህያው ነው። ሆኖም በ1917 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የሐዲዱ ሥራ አዲስ አበባ ድረስ ከተፈጸመ ጀምሮ ከድሬዳዋና ከሌላውም ሀገር ብዙ ሰው እየመጣ ኖሮባታል። ከእነዚህም መካከል ከወንድሙ ወይም ከአጎቱ ጋር ሆኖ በሀገር ቤት ለጋሪ ወይም ለኮርቻ የሚሆን ወጣት ፈረስ የሚገዛ አይጠፋም። ደግሞም ከዚህ በታች የተጻፈው በአብዛኛው ለበቅሎና ለአህያም ያገለግላል።

የፈረስ አመል በቸልታ የሚታለፍ ነገር አይደለም። አንድ ርግጫ የአባወራን እግር ሰብሮ ቤተ ሰቡን ከእንጀራው ይለያል፤ የደነበረ የጋሪ ፈረስም በገበያ መካከል ሕፃናትን ሊጨፈልቅ ይችላል። ለፈረሱም ቢሆን መዘዙ የከፋ ነው። አንድ ጊዜ «አመለኛ» የተባለ እንደ ሆነ በርካሽ ዋጋ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ የሚገዛውም ሁሉ ከፊተኛው የከበደ አለንጋ ይጨምርበታል። ይህ «በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ» የሚባለው ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የፈረስን ተፈጥሮ ማወቅ ያስፈልጋል። ፈረስ ሣር በል እንስሳ ስለ ሆነ አውሬ ሲመጣበት ነፍሱን የሚያተርፈው ከመዋጋት ይልቅ በመሸሽ ነው። ዓይኖቹ በግራና በቀኝ ስለ ተተከሉ ዙሪያውን ከሞላ ጐደል ያያል፤ የማያየው ከግንባሩ ሥር በጣም ቀርቦ ያለውንና በቀጥታ ከጭራው በስተኋላ ያለውን ነው። ስለዚህ ከኋላው በድንገት የመጣበትን ሰው ቢራገጥ ያስገደደው ፍርሃት እንጂ ክፋት አይደለም። የሰውንም ሁኔታ አጥብቆ ይመለከታል። በ1904 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በበርሊን ሃንስ የሚባል ፈረስ ሒሳብ ያሰላል ተብሎ ዝነኛ ሆኖ ነበር። በ1907 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ኦስካር ፕፉንግስት የተባለ መርማሪ እንዳስረዳው ግን፣ ፈረሱ እግሩን እየመታ ቈጥሮ መልሱ ላይ ሲደርስ የጠያቂው ራስ ሳይታወቀው በጥቂቱ ሲነቃነቅ አይቶ ያቆም ነበር። እንዲህ ያለውን ትንሽ ምልክት የሚያይ እንስሳ የጌታውን ቍጣና ፍርሃት እንዴት አያይም? አሁን ወደ ተግባሩ እንለፍ።

1ኛ፤ ሕመም መኖሩን መመርመር። ትናንት ጨዋ የነበረ ፈረስ ዛሬ ኮርቻ ሲጫንበት ቢነክስ፣ ጀርባውን ቢያጐብጥ፣ ወይም ልጓም ሲገባበት ራሱን ቢወረውር፣ ከመቅጣት በፊት ገላውን መመልከት ይገባል። በኮርቻው ሥር ቍስል ወይም እብጠት አለን? በሰኮናው ውስጥ ድንጋይ ተሰክቷልን? አፉስ ደኅና ነውን? ወጣት ፈረስ ከ2 ዓመት ተኩል እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜው የወተት ጥርሱን ስለሚለውጥ በዚህ ጊዜ ልጓም ሊያሳምመው ይችላል። የታችኛውን መንጋጋ የሚከብበው ባለቀለበት ልጓም ደግሞ እጁ የከበደ ሰው ሲይዘው አፍ ያቈስላል። ሕመሙ ሳይድን የሚሰጥ ትምህርት ከንቱ ነው።

2ኛ፤ መሳብና ማላላት። ፈረስ የሚማረው ሲሳብ ሳይሆን ስበቱ ሲላላለት ነው። ገመዱን በቀስታ ስበን አንድ እርምጃ እንደ ተራመደ ወዲያውኑ ብናላላለት መራመድ እንደሚያሳርፈው ይረዳል። ከታዘዘ በኋላ መሳባችንን ብንቀጥል ግን መታዘዝ ጥቅም እንደሌለው እናስተምረዋለን። እንዲሁም ገመዱን በነጠቀ ጊዜ ተስፋ ቈርጠን ሥራውን ብንተው፣ መንጠቅ ዕረፍት እንደሚያስገኝ ይማራል። ብዙው አመል ጌታው ሳያውቅ በዚህ መንገድ ያስተማረው ነው። ማላላቱ ከታዘዘበት ቅጽበት ጋር አንድ መሆን አለበት፤ ጥቂት ሴኮንድ ከዘገየ ፈረሱ ነገሩን ከሥራው ጋር አያገናኘውም።

3ኛ፤ መደንበር። ፈረስ ጃንጥላ፣ የሚውለበለብ ጨርቅ ወይም የመኪና ጡሩምባ ቢፈራ፣ በአለንጋ ወደሚፈራው ነገር መንዳት ታላቅ ስሕተት ነው፤ ሕመሙን ያመጣበት ያ ነገር ይመስለዋልና። ከ2,300 ዓመት በፊት የኖረው ግሪካዊው ክሴኖፎን ስለ ፈረስ አያያዝ በጻፈው መጽሐፍ ይህንኑ አስተምሯል፤ ፈረስንም በቍጣ ሆኖ መቅረብ እንደማይገባ መክሯል። የሚሻለው የሚፈራውን ነገር አይቶ ሊታገሠው በሚችልበት ርቀት ማቆም፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ትንፋሹ እስኪረጋ መጠበቅ፣ ከዚያም ጥቂት እርምጃ ቀርቦ እንደ ገና መመለስ ነው። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከቀረበ ፍርሃቱ ይለቀዋል።

4ኛ፤ መንከስና መራገጥ። ውርንጭላ ከጓደኞቹ ጋር የሚጫወተው እየነከሰ ነው። ከእጅ ላይ ጣፋጭ እየተሰጠው ያደገ እንደ ሆነ ደግሞ የሰውን እጅና ኪስ ይፈልጋል። ስለዚህ መኖውን በገንዳ መስጠት ይበጃል። ሊነክስ ሲዘረጋ ፊቱን በጥፊ መምታት ጨዋታውን ያብሰዋል ወይም ራሱን የሚሸሽ ያደርገዋል፤ በዚያ ፈንታ በረጋ መንፈስ ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ እንዲመለስ ማድረግ በቂ ነው። ለሚራገጠው ፈረስ ድምፅ እያሰሙ በትከሻው በኩል መቅረብ፣ እጅን ከጀርባው ወደ ዳሌው ቀስ እያሉ ማሳለፍ ያስፈልጋል። እግሩን መዳሰስ ማስለመድም በመጀመሪያ ጨርቅ በተጠመጠመበት ረጅም በትር ይሁን። ባዝራ ባለችበት የሚታወክ ድንጉላ ለእርባታ የማይፈለግ ከሆነ በእንስሳት ሐኪም እጅ፣ ማደንዘዣ ተሰጥቶት ይኰላሽ።

5ኛ፤ አልሄድም ማለት። ፈረስ የመንጋ እንስሳ በመሆኑ ከጓደኞቹ ሲለይ ይጨነቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ የተገራ ሽማግሌ ፈረስ እፊቱ እየሄደ ያስለምደው። ቀጥሎም ለአጭር ርቀት ብቻውን ወጥቶ ሳይሸበር ይመለስ፤ ርቀቱ በየቀኑ ይጨመርለት።

6ኛ፤ ዕድሜና ጭነት። የፈረስ የጀርባ አጥንት አድጎ የሚጸናው ወደ 6 ዓመት ገደማ ነው። የ3 ዓመቱን ፈረስ በቀን 15 ወይም 20 ደቂቃ በቀላል ሥራ ማስለመድ ይቻላል፤ ለጉግስ፣ ለሽቅድምድምና ለከባድ ጋሪ ግን አልደረሰም። ከዐቅሙ በላይ ተጭኖ ቢተኛ ወይም ወደ ኋላ ቢል አመል ነው አይባልም።

7ኛ፤ ሙቀት። በጅቡቲ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ድረስ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ካምሲን የሚባለው ደረቅ ነፋስም ይነፍሳል። ፈረስ በላቡ ውሃና ጨው ስለሚያወጣ ጥላና መጠጥ ያጣ እንደ ሆነ ደክሞ እምቢተኛ ይመስላል። በመካከለኛ አየር እንኳ በቀን ከ25 እስከ 50 ሊትር ውሃ ይጠጣል፤ በሙቀት ጊዜ ከዚህ ይበልጣል። ስለዚህ በቈላ ሀገር ትምህርቱ በማለዳ ወይም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይሁን፤ የሚላሰው ጨውም አይታጣ።

የአካባቢ ሹማምንትም በዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። ጋሪና የጭነት እንስሳ በሚቆምበት ስፍራ የውሃ ገንዳና ጥላ እንዲኖር ማድረግ፣ ያልተገራ ፈረስ ሕዝብ በበዛበት ገበያ እንዳይገባ መከልከል፣ አደጋ በደረሰ ጊዜም ፈረሱንና ነጂውን ከመውቀስ በፊት ኮርቻውን፣ ልጓሙንና የጭነቱን ልክ ማስመርመር ይገባቸዋል። ጌታው ደግሞ ሥራውን ዘወትር ፈረሱ በታዘዘበት ሰዓት ይጨርስ እንጂ በጠብ አይጨርስ። እንዲህ የተገራ ፈረስ በገበያም መካከል ሆነ በመንገድ ላይ የሚጋልበውን ሰውና የሚያልፈውን ሕፃን ሳይጐዳ ለብዙ ዓመት ያገለግላል።