መጀመሪያ ማን ይሂድ?

«አሜሪካ ያለው ወንድሜ ፎርም ሞልቶልኛል» የሚል ሰው በየሰፈሩ አለ። ሲሞላለት ትልቁ ልጁ አንደኛ ክፍል ነበር፤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ጨርሷል፤ ከኤምባሲ ግን የመጣ ነገር የለም። ሰውዬው አልተታለለም፤ ወረቀቱም አልጠፋም። የወንድምና የእህት መስመር እንደዚህ ነው፤ ከ15 ዓመት በላይ ያስጠብቃል። የሚያሳዝነው ሌላ ነው። ያው ቤተሰብ በሌላ ቅደም ተከተል ተንቀሳቅሶ ቢሆን ኖሮ ብዙ ዓመት ሊያተርፍ ይችል ነበር። በዘመድ በኩል አሜሪካ ለመሄድ ላሰበ ቤተሰብ ትልቁ ጥያቄ ማን ለማን፣ መቼና ከየትኛው ሠርግ በፊት ይሙላ የሚለው ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከሕጉ እንጀምር። አሜሪካ በ1965 ባወጣችው የኢሚግሬሽን ሕግ ለቤተሰብ ሰፊ በር ከፈተች፤ ዛሬ የሚሠራበት ኮታ ደግሞ በ1990 የተወሰነ ነው። ሕጉ ዘመድን ለሁለት ይከፍላል። አንደኛው ወገን ኮታ የለበትም፤ እነዚህም የአሜሪካ ዜጋ ባል ወይም ሚስት፣ ከ21 ዓመት በታች የሆነ ያላገባ ልጁ፣ እንዲሁም ዜጋው ራሱ 21 ዓመት ከሞላው እናቱና አባቱ ናቸው። ለእነዚህ የሚጠበቀው ወረቀቱ እስኪያልቅ ብቻ ነው፤ ተራ የሚባል ነገር የለባቸውም። ሁለተኛው ወገን በየዓመቱ በተቆጠረ ቪዛ የሚሰለፍ ነው። በሕጉ መነሻ መሠረት ዕድሜያቸው 21 የሞላ ያላገቡ የዜጋ ልጆች 23,400፣ የግሪን ካርድ ባለቤቶች የትዳር ጓደኞችና ያላገቡ ልጆች 114,200፣ ያገቡ የዜጋ ልጆች 23,400፣ የዜጋ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ 65,000 ቪዛ አላቸው። ይህ ለመላው ዓለም ነው፤ አንድ አገር ብቻውን ከ7 በመቶ በላይ እንዳይወስድም ተከልክሏል። ወንድምዬው ሚስትና ሦስት ልጆች ካሉት ከ65,000ው ላይ አምስት ይነሣለታል። ሰልፉ ለምን እንደማይንቀሳቀስ ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም።

አያት፣ አክስት፣ አጎት፣ የአጎት ልጅ የትኛውም ዝርዝር ውስጥ የሉም። የሚሞላላቸው ፎርምም የለም።

እኛ ቤት ብዙ ልጅ የሚያድገው ደግሞ በአክስትና በአያት እጅ ነው። እህቷ የሞተችባት ሴት ሕፃኑን ከጡት ጀምሮ አሳድጋ «ልጄ ነው» ብትል ጎረቤት ሁሉ ይመሰክርላታል። ኤምባሲው ግን የልደት ወረቀት ይጠይቃል፤ ከተጠራጠረም የዲኤንኤ ምርመራ ይጠቁማል። በ2008 ናይሮቢ ላይ በአብዛኛው ሶማሌና ኢትዮጵያዊ በሆኑ ስደተኞች ቤተሰቦች ላይ ይኸው ምርመራ ተሞክሮ፣ በወረቀት የተጻፈው ዝምድና በብዙዎቹ ዘንድ ሊረጋገጥ ባለመቻሉ የስደተኞች የቤተሰብ ማገናኛ መርሐ ግብር ለዓመታት ተቋርጦ ነበር። ከነዚያ መካከል ባዕድ ሰው በገንዘብ ያስመዘገበ ይኖራል፤ የሟች እህቱን ልጅ በቅን ልቦና «ልጄ» ብሎ የጻፈም እንደማይጠፋ እኔ አልጠራጠርም። በሕጉ ዓይን ሁለቱም ያው ናቸው። በፎርም ላይ አውቆ የሐሰት ዝምድና መጻፍ ዕድሜ ልክ ከአሜሪካ ሊያስከለክል ይችላል። ያሳደጉትን ልጅ «ያሳደግሁት» ብሎ መጻፍና ሕጋዊ መንገድ ካለ ጠበቃ መጠየቅ ይሻላል።

አሁን ወደ ቅደም ተከተሉ።

አንዲት ዜጋ የሆነች ልጅ ለእናቷ ትሞላለች። እናት ኮታ ስለሌለባት ቶሎ ትጠራለች። እቤት ግን የ15 ዓመት ወንድ ልጅ አለ፤ እናት ይዛው የምትሄድ ይመስላታል፤ አትችልም። ኮታ የሌለበት መስመር ከፍጥነቱ ጋር አንድ ጉድለት አለው፤ የሚሄደው ስሙ የተሞላለት ሰው ብቻ ነው፤ ተከታይ የለውም። ለአባትም ለብቻው ሌላ ፎርም ያስፈልጋል። በኮታ የሚሄዱት፣ ለምሳሌ ወንድምና እህት፣ የትዳር ጓደኛቸውንና ከ21 ዓመት በታች ያሉ ልጆቻቸውን ይዘው ነው የሚሄዱት። ይህን ሳያውቁ ኢንተርቪው ድረስ የሄዱ እናቶች ብዙ ናቸው፤ እዚያ መስኮት ላይ ቆሞ በልጅና በቪዛ መካከል መምረጥ ከባድ ነው።

መፍትሔው አስቀድሞ መዘጋጀት ነው። ልጅቷ ለእናቷ በሞላች ዕለት ለወንድሟም ትሙላ፤ ተራው ረጅም ቢሆንም ቀኑ ይያዝለታል። እናት አሜሪካ ገብታ ግሪን ካርድ እንዳገኘች ደግሞ ራሷ ለልጇ ትሙላ። ለአንድ ሰው ሁለት ዘመድ ቢሞላለት የሚከለክል ነገር የለም። ከ21 ዓመት በታች ያለ ያላገባ የግሪን ካርድ ባለቤት ልጅ ከኮታዎቹ ሁሉ አጭሩ ተራ ላይ ነው። 21 ቢያልፈው እንኳ እስካላገባ ድረስ በእናት በኩል ያለው ጥበቃ ባለፉት ዓመታት ከወንድም መስመር ወደ ግማሽ የተጠጋ ነበር። ያ መግቢያችን ላይ ያለው ሰውዬ ወጣትና ላጤ በነበረ ጊዜ ወንድሙ አስቀድሞ ለእናታቸው ሞልቶ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ዛሬ ሌላ ወሬ ነበር የሚያወራው።

«እስካላገባ ድረስ» የምትለዋ ነገር እንደ ዋዛ አትታለፍ። ለግሪን ካርድ ባለቤት ያገባ ልጅ የሚሆን መስመር የለም። እናት የሞላችለት ልጅ ቪዛው ሳይደርስ ቢያገባ ማመልከቻው በሠርጉ ቀን ይሞታል፤ በኋላ መፋታትም አያስነሣውም። እናትየው ከሠርጉ በፊት ዜግነት አግኝታ ከሆነ ግን ጉዳዩ ወደ «ያገባ የዜጋ ልጅ» ይዛወራል፤ ይዘገያል እንጂ አይጠፋም። ስለዚህ የእናት ዜግነት ይቅደም፣ ሠርጉ ይከተል። ሽማግሌ ተልኮ፣ ድግስ ተደግሶ፣ ቀን ተቆርጦ ሳለ ይህን ለቤተሰብ ማስረዳት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። አንዳንዱ «ቤተ ክርስቲያን ነው የተጋባነው፣ ማዘጋጃ ቤት አልፈረምንም» ብሎ ላጤ ነኝ ይላል። በኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግ ግን በሃይማኖትም ሆነ በባህል ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻ ጋብቻ ነው፤ ቁርባኑም ኒካሁም ይቆጠራል። የሠርጉ ፎቶ ፌስቡክ ላይ እያለ ላጤ ነኝ ማለት ደግሞ ከላይ የጠቀስነው የሐሰት ቃል ውስጥ ይጥላል።

ሌላው ድንበር 21 ዓመት ነው። በ2002 የወጣ ሕግ ለልጆች ትንሽ ፋታ ሰጥቷል። ማመልከቻው እስኪጸድቅ የወሰደው ጊዜ፣ ተራው በደረሰ ቀን ካለው የልጁ ዕድሜ ላይ ይቀነሳል። ሲሞላ 8 ዓመቱ የነበረ የወንድም ልጅ ተራው ከ16 ዓመት በኋላ ቢደርስ 24 ይሆነዋል፤ ማመልከቻው ለመጽደቅ 4 ዓመት ፈጅቶ ከነበረ ግን በሕጉ እንደ 20 ዓመት ልጅ ይታያል፤ ከወላጁ ጋር ይሄዳል። መጽደቁ የዘገየበት ሰው ተጠቃሚ የሚሆንበት ያልተለመደ ስሌት ነው። ተራው ከደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ለቪዛው መንቀሳቀስ ግን ግድ ነው። ይህን ስሌት ኤምባሲው ይሠራልኛል ብሎ መተው አይገባም፤ ራስ መሥራት፣ ወረቀቱንም ይዞ መቅረብ ይበጃል።

የሞላው ሰው ቢሞትስ? በመርሁ ማመልከቻው አብሮት ይሰረዛል። በሰብዓዊነት ምክንያት እንዲነሣ መጠየቅ ይቻላል፤ ሌላ ዘመድ የገንዘብ ኃላፊነቱን ከወሰደ አንዳንዴ ይፈቀዳል። መብት ግን አይደለም።

ተራ መድረሱ የሚታወቀው የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በየወሩ በሚያወጣው ቪዛ ቡለቲን በሚባል ሰሌዳ ነው። ማመልከቻው የገባበት ቀን ሰሌዳው ላይ ካለው ቀን የሚቀድም ከሆነ ተራ ደርሷል። ሰሌዳው በወር አንድ ወር አይራመድም፤ አንዳንዴ ይቆማል፣ አንዳንዴም ወደ ኋላ ይመለሳል። የፖለቲካ ውሳኔም አለ። በሚያዝያ 2020 የወጣ የፕሬዚዳንት ትእዛዝ የወላጆችንና የወንድም እህቶችን ቪዛ እስከ የካቲት 2021 አስቁሞ ነበር። በዚያው በ2020 መጀመሪያና በ2025 ደግሞ ኤርትራውያን በአገራቸው ስም ታግደዋል። ቤት ከመሸጥና ሥራ ከመልቀቅ በፊት የዕለቱን ሁኔታ ከኤምባሲው ድረ ገጽ ማየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። እኔ ብሆን ቪዛው ፓስፖርቴ ላይ ሳይመታ ምንም አልሸጥም።

ከዚህ ቀጥሎ ስፖንሰርነት አለ። የሞላው ሰው ገቢው ለቤተሰቡ ብዛት ከተወሰነው የድህነት መስመር ቢያንስ 125 በመቶ መሆን አለበት፤ ካልሞላ ሌላ ዜጋ ወይም የግሪን ካርድ ባለቤት አብሮ ሊፈርም ይችላል። ብዙ ሰው ይህን ለይስሙላ የሚፈረም ወረቀት ያደርገዋል፤ ከቤተ ክርስቲያን የሚያውቁትን ሰው «እባክህ ፈርምልኝ» ማለት የተለመደ ነው። ፊርማው ግን የዋስ ፊርማ ነው። የመጣው ሰው ዜጋ እስኪሆን፣ ወይም 10 ዓመት ያህል የሚቆጠር ሥራ እስኪሠራ፣ ወይም ከአሜሪካ ጠቅልሎ እስኪወጣ ወይም እስኪሞት ድረስ ይቆያል። ለባል ወይም ለሚስት የተፈረመ ከሆነ ፍቺ እንኳ አያነሣውም።

በሰነድ በኩል ኢትዮጵያውያንን የሚያስቸግረው ቀን እና ስም ነው። በጥቅምት 1980 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በፈረንጆች 1987 ነው፤ በጥር 1980 ዓ.ም. የተወለደው ግን 1988። ከዓመቱ ላይ በጭፍን ሰባት ወይም ስምንት የደመረ ጸሐፊ አንዱን ልጅ በሁለት ወረቀት ሁለት ዕድሜ ይሰጠዋል። የሲቪል ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው የልደት ወረቀቱን የሚያወጣው አድጎ ነው፤ ስለዚህ የክርስትና ወረቀት፣ የትምህርት ቤት ካርድና የቆየ የቤተሰብ ፎቶ ለማጠናከሪያ ይጠቅማሉ። በአንድ እናት ከሁለት አባት የተወለዱ እህትማማቾች የአባት ስማቸው ቢለያይ ችግር የለውም፤ አንድ ወላጅ መጋራታቸው ይበቃል። የእናት ስም ግን በሁለቱም ወረቀት ላይ ፊደል በፊደል አንድ ይሁን። ፀሐይ በአንዱ በ«ቲ»፣ በሌላው በ«ኤስ» ተጀምራ ከተጻፈች ኢንተርቪው ላይ ጥያቄ ይነሣል።

ቪዛ አግኝተው የሚሄዱት አረጋውያን ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት። አሜሪካ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ ልጆች እናታቸውን የሚያስመጡት ናፍቀው ነው፤ የልጅ ልጅ የሚይዝ ሰው ስለሚያስፈልጋቸውም ጭምር ነው፤ ይህም ነውር የለበትም። እናት ግን መኪና አትነዳም፣ ልጆቿ ሁለት ሥራ ይሠራሉ፣ ከእሑድ እስከ እሑድ ቤት ትውላለች። የሕክምናው ነገርም አስቀድሞ ይታሰብ። አሜሪካ ውስጥ ሠርታ የማታውቅ ከ65 ዓመት በላይ የሆነች ሴት ሜዲኬር የሚባለውን የአረጋውያን መድን በወርኃዊ ክፍያ ለመግዛት እንኳ በግሪን ካርድ 5 ዓመት በተከታታይ መኖር አለባት። የብዙ የመንግሥት ድጋፎች በርም ከ1996ቱ ሕግ ወዲህ ለ5 ዓመት ዝግ ነው። ዜግነት ከ5 ዓመት በኋላ ይጠየቃል፤ ፈተናውን በአማርኛ ለመውሰድ ግን 55 ዓመት ለሞላው ሰው 15 ዓመት የግሪን ካርድ ኑሮ ያስፈልጋል። በ62 ዓመቷ የሄደች እናት ያኔ 77 ይሆናታል። ዜጋ ስትሆን ደግሞ የኢትዮጵያ ዜግነቷ ይቀራል፤ አገሯ ስትመለስ በትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ቢጫ ካርድ በሚባለው፣ ትስተናገዳለች።

ብዙ እናቶች የሚፈልጉት ግን ግማሹን ዓመት እዚህ፣ ግማሹን እዚያ ነው፤ ዕድሩ አለ፣ ማኅበሩ አለ፣ የባል ተዝካር አለ። ግሪን ካርድ ለዚህ አልተሠራም። ያለ ልዩ የመመለሻ ፈቃድ ከአንድ ዓመት በላይ ውጭ የቆየ ሰው ኑሮውን ትቷል ተብሎ ካርዱን ሊያጣ ይችላል። እየሄዱ መመለስ ለሚሻ ሰው የጎብኚ ቪዛ ይሻል ነበር፤ በአንድ መግቢያ በአብዛኛው እስከ 6 ወር ያስቆያል። ካናዳ በዚህ የተሻለች ናት፤ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ላላቸው ወላጆችና አያቶች ሱፐር ቪዛ የሚባል አላት፤ የግል የጤና መድን ከተገዛ በአንድ መግቢያ እስከ 5 ዓመት ያስቀምጣል።

የአሜሪካ የጎብኚ ቪዛ ማመልከቻ ከዚህ በፊት የቋሚ ነዋሪነት ፎርም ተሞልቶልዎት ያውቃል ወይ ብሎ ይጠይቃል። «አዎ» ያለች እናት ጠይቄ እመለሳለሁ ብትል ቆንስላው ለማመን ይቸገራል፤ ቪዛውንም ሊከለክላት ይችላል። ስለዚህ እናት ለመኖር ነው ወይስ ለመጠየቅ የምትሄደው የሚለው ፎርሙ ከመሞላቱ በፊት ይወሰን፤ መልሱም ከልጆቿ ሳይሆን ከራሷ ይምጣ።