የ1974ቱ ሻምፒዮን ከእንጦጦ ቁልቁል

እ.ኤ.አ. በ1974 ምዕራብ ጀርመን ሙኒክ ላይ ሆላንድን 2ለ1 ረትታ የዓለም ዋንጫን ስታነሳ የቤከንባወር አገር ሌላም ዘውድ ነበራት። ሜርሴዲስ 450 ኤስኢ የዚያ ዓመት የአውሮፓ ምርጥ መኪና ተብሎ ነበር። (በነገራችን ላይ ጃንሆይ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በሜርሴዲስ ሳይሆን በቮልስ ነው።)

ቤከንባወር አርባ ሳይሞላው ጫማውን ሰቀለ። እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1980 የተመረተው የዚህ ሜርሴዲስ ቤተሰብ ግን ትንሹ እንኳ 45 ዓመት ደፍኖም ጡረታ አልወጣም። እንዴት ይውጣ? የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አስወደደ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከለከለ። ያለው ባለቤት ያለውን ይጠግናል።

ፈተናው የሚመጣው የካ ላይ ነው። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ ሲወጣ አሮጌ መኪና ሕመሙን ይደብቃል። ሲወርድ ግን ክብደቱ ወደ ፊት ጎማዎች ያዘነብልና ጉዱ ይወጣል። መሪው ባዶውን ይዞራል፣ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። መንገዱ ዳር ደግሞ ማለዳ የሚሮጡ አትሌቶች አሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ባለመኪና የሚሠራው ስህተት ሦስት ጨዋታ ሲሸነፍ አሰልጣኝ እንደሚያባርር ክለብ ነው። ጥፋቱን ሁሉ በመሪው ሳጥን ላይ ያላክካል። ሳጥኑ ላይ ያለችው ማስተካከያ ቡሎን ትጠበቅና መሪው ለጊዜው "ተስተካከለ" ይባላል። ከልክ በላይ ከጠበቀች ግን መሪው ከኩርባ በኋላ በራሱ ወደ ቦታው አይመለስም። እንጦጦ ላይ ይኼ ቀልድ አይደለም።

ትክክለኛው ምርመራ ከርካሹ ይጀምራል። የጎማ ንፋስ እኩል ይሁን። ወደ ጎን የሚጎትት ከሆነ የፊቶቹን ጎማዎች ግራና ቀኝ አቀያይሩ። መጎተቱም ጎን ከቀየረ ጥፋተኛው ጎማው ነው። የሚጎትተው ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነ ፍሬኑ ይታይ። ሰማንያና መቶ ላይ የሚንቀጠቀጥ መኪና መጀመሪያ የጎማ ባላንስ ያስፈልገዋል።

ከዚያ ወደ ዋናው። መኪናው መሬት ላይ እንደቆመ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ አንዱ መሪውን በትንሹ ግራ ቀኝ ያወዛውዛል፤ ሌላው ከጉድጓድ ውስጥ ሆኖ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በእጁ ይዳስሳል። አንዱ ዘንግ ሲንቀሳቀስ ቀጣዩ ዘግይቶ ከተከተለ ሕመሙ እዚያች መሀል ነው። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ያለቀ ቴስቲና ወይም ከሳጥኑ ትይዩ ያለው የመሪ ክንድ ጎሚኒ ነው። ሁለቱም ከሳጥኑ ጋር ሲነጻጸሩ የሳንቲም ጉዳይ ናቸው።

ቀጥሎ ጎማው በክሪክ ይነሳና (ክሪክ ብቻውን አይታመንም፣ ድጋፍ ይግባለት) ላይና ታች ተይዞ ይነቀነቃል። የሚላላ ከሆነ ረዳቱ ፍሬን ይርገጥ። መላላቱ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ የእግሩ መጋጠሚያ። የኮብልስቶኑ ኳኳታ ግን ሌላ ወሬ ነው፤ እሱ አሞርዛተሩንና ጎሚኒዎቹን ይመለከታል።

አላይመንት የሚሠራው ያለቀው ዕቃ ከተቀየረ በኋላ ነው። ቀድሞ የሠራ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ከዚያ መኪናው ሰው ሳይጫንበት እንጦጦ ይውጣና በዝቅተኛ ማርሽ ይውረድ፤ ከኩርባው ሲወጣ መሪው በራሱ ይመለስ እንደሆነ አሽከርካሪው ይይ።